ፕሌይባክ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የሙዚቃ ፊልም «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በተነሳ ቁጥር «እሷ እኮ አልዘፈነችም፣ ሁሉም ፕሌይባክ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰሞኑን አንዱ ይህንኑ ጽፎ፣ ፊልሙ ከወሰዳቸው 10 ኦስካሮች አንዱ የድምፅ መሆኑ እንዳናደደው ጨመረበት። ስለ ዋናዋ ተዋናይት ናታሊ ውድ ያለው ትክክል ነው፤ በፊልሙ ላይ ስትዘፍን የምንሰማው የዘፋኟን የማርኒ ኒክሰንን ድምፅ ነው። ያን ፕሌይባክ ማለቱ ግን ስህተት ነው፤ ስህተቱም በየቦታው ስለሚደጋገም ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

ፕሌይባክ ማለት ዘፈኑ ስቱዲዮ ውስጥ ቀድሞ ተቀድቶ፣ በቀረፃው ቀን በድምፅ ማጉያ እየተለቀቀ ተዋናዩ እሱን ተከትሎ ሲጫወት ነው። ድምፁ የራሱም ይሁን የሌላ፣ አሠራሩ ያው ፕሌይባክ ነው። ኮንሰርት ላይ ዘፋኙ አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ሕዝቡ ቢከፋ እውነት አለው፤ የከፈለው እዚያው ሲዘፈን ሊሰማ ነው። ፊልም ግን እንዲያ ብሎ ቃል አልገባም።

«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ፊልም ከመሆኑ በፊት በ1957 በኒውዮርኩ የቲያትር ሰፈር ብሮድዌይ መድረክ ላይ ሲታይ ኦርኬስትራውን የሚመራው ሰው ዘፋኙን እያየ ፍጥነቱን ያስተካክል ነበር። ፊልም ላይ አንድ ዘፈን ከብዙ አቅጣጫ፣ ደጋግሞ፣ አንዳንዴም በተለያየ ቀን ይቀረፃል። ተዋናዩ በየጊዜው እንደ አዲስ ቢዘፍን ፍጥነቱም ትንፋሹም ይለያያል፤ ሲቀጣጠል ሙዚቃው ይደናቀፋል። ሸማኔ መጀመሪያ ድሩን ወጥሮ ነው ማጉን የሚያስገባው። ቀድሞ የተቀዳው ዘፈን ድሩ፣ ምስሉ ደግሞ ማጉ ነው። ካሜራው ከላይም ይምጣ ከጎን፣ ዛሬም ይቀረፅ ከሳምንት በኋላ፣ ሁሉም የሚያልፈው በዚያው ድር ነው።

እዚያው ፊልም ላይ ሌላዋን ተዋናይት ሪታ ሞሬኖን እዩ። ጣሪያው ላይ ቀሚሷን እያወዛወዘች «አሜሪካ»ን የምትዘፍነው በራሷ ድምፅ ነው፤ ያም ፕሌይባክ ነው። «ኤ ቦይ ላይክ ዛት» ግን ለእሷ ድምፅ በጣም ወፍራም ስለነበር የሌላ ዘፋኝ፣ የቤቲ ዋንድ ድምፅ ገባበት። ፕሌይባክ የሌላ ሰው ድምፅ ማለት ከሆነ «አሜሪካ»ን ምን ልንለው ነው?

የናታሊ ውድ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይለያል። ዘፈኖቹን ራሷ ቀድታ ነበር፤ የተቀረፀችውም በራሷ ድምፅ ላይ ነው። ድምፁ በኒክሰን የተተካው ኋላ ነው። ይህ እንግዲህ ጨርቁ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ከድሩ አንድ ክር መዝዞ፣ ጥለቱ ሳይዛነፍ ሌላ እንደ ማስገባት ያለ ሥራ ነው። ኒክሰን የተቀረፀውን ምስል እያየች ውድ በተነፈሰችበት መተንፈስ፣ አፏን በገጠመችበት መግጠም ነበረባት። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያልፋል። የተሳበ አናባቢ ትንሽ ቢዘገይ ብዙም አይታወቅም፤ እንደ «መ» እና «በ» ከንፈር የሚገጥምባቸው ድምፆች ግን ጥቂት ምስል ከዘገዩ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ይረበሻል። የድምፅ ሽልማት የሚሰጠው ለጉሮሮ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ አዋህዶ አንድ ለሚያደርገው ሙያ ነው።

ፕሌይባክ ዋጋ አያስከፍልም ማለቴ ግን አይደለም። ተዋናዩ የት እንደሚያመነታ፣ የት ድምፁን እንደሚሰብር የሚወስነው ገና ማይክ ፊት ቆሞ ነው፤ ቀረፃው ላይ ሌላ ስሜት ቢመጣበት መንገዱ ተዘግቷል። ተዋናዩ ሬክስ ሃሪሰን በ1964ቱ የሙዚቃ ፊልም «ማይ ፌር ሌዲ» አስቀድሜ አልቀዳም ያለው ለዚህ ነው፤ ሚናውን ከ1956 ጀምሮ መድረክ ላይ ሲጫወት ዘፈኖቹን ሁለቴ አንድ ዓይነት አድርጎ አያውቅም ነበር። ገመድ አልባ ማይክ ክራባቱ ውስጥ ተደብቆለት እየተቀረፀ ዘፈነ። የተሳካለት ዘፈኖቹ ወደ ንግግር ስለሚያደሉም ጭምር ነው። እየዘለለ ለሚጨፍር ሰው ይህ አያዋጣም። እዚያው ፊልም ላይ የዋናዋን ተዋናይት የኦድሪ ሄፕበርንን ዘፈኖች አብዛኛውን የዘፈነችው ደግሞ ይህችው ኒክሰን ናት።

ቅር መሰኘት ለሚፈልግ እውነተኛው ቅሬታ እዚህ ጋ ነው፦ በሁለቱም ፊልሞች የሠሩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የኒክሰን ስም አልተጻፈም። በ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» አልበም ሽያጭም ድርሻ አልተሰጣትም ነበር፤ በኋላ የሙዚቃው ደራሲ ሊዮናርድ በርንስታይን ከራሱ ድርሻ ላይ የአንድ በመቶ ሩቡን ቆርሶ ሰጣት።