የዓረብ ምሁራን፣ አውሮፓና የግሪክ ውርስ

የአውሮፓ ሥልጣኔ ታሪክ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ሲተረክ የታወቀ መንገድ አለው። ከአቴንስ ይነሳል። በሮም ያልፋል። ከዚያ ረጅም ጨለማ ይመጣል። ከጨለማው ማዶ ኢጣሊያ ውስጥ ህዳሴ ይፈነዳል፤ ጉዞው ፓሪስና ለንደን ላይ ያበቃል። በዚህ ትረካ ዓረቦች ቢነሱ እንኳ እንደ ፖስተኛ ነው። የግሪክን መጻሕፍት ተቀበሉ፣ ለጥቂት ዘመን አስቀመጡ፣ ከዚያም ለባለቤቱ መለሱ ይባላል። የካይሮ፣ የቤይሩት፣ የደማስቆና የራባት ምሁራን ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ከአውሮፓ ጋር ያደረጉት ክርክር ብዙውን ጊዜ እዚች ጥያቄ ላይ ይመለሳል፦ ለመሆኑ ባለቤቱ ማን ነው?

መጀመሪያ የፖስተኛውን ነገር እንይ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ የሚባል ክርስቲያን ሐኪም ነበር። የጥንቱን ግሪካዊ ሐኪም የጋሌንን የሕክምና መጻሕፍት ከግሪክ ወደ ሱርስትና ወደ ዓረብኛ መለሰ። በአንድ ደብዳቤው 129 የጋሌን ሥራዎችን ዘርዝሯል። የትኛውን ማን እንደተረጎመው፣ ትርጉሙ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ እያንዳንዱን ይናገራል። አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ መተርጎም አይወድም ነበር። ሌሎች ቅጂዎችን ፈልጎ፣ አስተያይቶ፣ አርሞ ነው የሚጀምረው። ይህ የዕቃ ጠባቂ ሥራ አይደለም።

ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ከግሪኮቹ ጋር ተከራከሩ። አል-ራዚ በጋሌን ላይ፣ ኢብን አል-ሀይሰም በግሪኩ የከዋክብት ሊቅ በጥሊሞስ ላይ መጽሐፍ ጻፉ። የሁለቱም ርእስ «ሹኩክ» ይላል፤ ጥርጣሬዎች ማለት ነው። የኮርዶባው ኢብን ሩሽድ (1126–1198) አርስቶትልን በሰፊው ስላብራራ የላቲን ሊቃውንት ስሙን እንኳ ሳይጠሩ «ተንታኙ» ይሉት ነበር። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰው «መጽሐፈ ፈላስፋ» የመጣው ከዓረብኛ ነው። የሶቅራጥስና የአፍላጦን ስም ለአገራችን ሊቃውንት የደረሰው በዚህም መንገድ ጭምር ነው። የግሪክ ሐሳብ ወደ ምዕራብ ብቻ አልሄደም።

አዲሱ ክርክር የሚጀምረው ከጉዞ ነው። ሪፋዓ አል-ተህታዊ በ1826 የግብፅ ገዢ መሐመድ ዓሊ ወደ ፓሪስ ከላካቸው ተማሪዎች ጋር ኢማም ሆኖ ሄደ። በ1831 ሲመለስ ያየውን ጻፈ፤ በ1835 ደግሞ ካይሮ ውስጥ የቋንቋዎች ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ እሱም መራው። በተህታዊ ዘመን ጥያቄው ገና ቀላል ነበር፦ እነሱ ያላቸውን እኛ እንዴት እናገኛለን? ቁጣው አልመጣም።

የሊባኖሱ ሱለይማን አል-ቡስታኒ ከዚህ አንድ እርምጃ አለፈ። የጥንቱን ግሪካዊ ባለቅኔ የሆሜርን «ኢሊያድ» በዓረብኛ ግጥም ተርጉሞ በ1904 ካይሮ ላይ አሳተመ። ለዚህ ሥራ ብሎ ግሪክኛ ተምሯል። 200 ገጽ ገደማ በሚሆነው መግቢያው ላይ አንድ ጥሩ ጥያቄ ያነሳል። የባግዳድ ተርጓሚዎች አርስቶትልንና ጋሌንን ሲሻሙ ሆሜርን ለምን ዘለሉት? አንዱ መልሱ የጣዖታቱ ነገር ነው። ሌላው ተርጓሚዎቹ የሳይንስ እንጂ የግጥም ሰዎች አልነበሩም የሚል ነው። የሆሜርን ጀግኖች ከጥንት ዓረብ ባለቅኔዎች ጋር እያስተያየ ነው የሚሄደው። ሁለቱን እኩል ቁጭ ያደርጋቸዋል፤ አንዱን ከሌላው በታች አያደርግም።

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ሰው ግን ጣሃ ሁሴን (1889–1973) ነው። በልጅነቱ ዓይኑ ጠፋ። ከላይኛው ግብፅ መንደር ተነስቶ አል-አዝሃር ገባ፣ ከዚያ ወደ አዲሱ የግብፅ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ፣ ከዚያ ወደ ፓሪሱ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ። ፈረንሳይ ውስጥ ላቲንን ከዜሮ መጀመር ነበረበት። በ1919 ሲመለስ ያስተማረው የጥንት ግሪክና ሮም ታሪክ ነው። አገሩ በእንግሊዝ ላይ በተነሳበት ዓመት ስለ አቴንስ ማስተማር ለብዙዎች ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። እሱ ግን አልተወም። በ1921 የአርስቶትልን የአቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት ተረጎመ፤ የሶፎክልስንም ተውኔቶች ወደ ዓረብኛ መለሰ።

በ1938 «የባህል መጻኢ ዕድል በግብፅ» የሚለውን መጽሐፉን አወጣ። እዚህ ላይ ሙግቱን በግልጽ አስቀመጠ። ምሥራቅ ማለት ህንድ፣ ቻይናና ጃፓን ነው ይላል። የግብፅ አእምሮ ከጥንት ጀምሮ የተዛመደው ከግሪክና ከሜዲትራኒያን ባሕር ሕዝቦች ጋር ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ፖል ቫሌሪ የአውሮፓን አእምሮ የግሪክ ባህል፣ የሮም ሕግና ክርስትና ሠሩት ብሎ ነበር። ጣሃ ሁሴን ይህን ተቀብሎ ይመልሳል፦ ክርስትናም ከምሥራቅ መጣ፤ አውሮፓን ምሥራቃዊ አላደረገም። ታዲያ እስልምና ግብፅን ለምን ምሥራቃዊ ያደርጋታል? ግሪክኛና ላቲን በግብፅ ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የሚለው ጥያቄውም ከዚሁ የመጣ ነው። ምንጩን በራሱ ማንበብ የማይችል ምሁር ሁልጊዜ የሌላ ሰው ጥገኛ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ተቃውሞው ከባድ ነበር። ኋላ በእስላማዊ ንቅናቄ አሳቢነቱ የታወቀው ሰይድ ቁጥብ በ1939 ረጅም ሂስ ጻፈበት፤ የዓረብ ብሔርተኛው ሳቲዕ አል-ሑስሪም ተከራከረው። እኔ የማየው ጉድለት ሌላ ነው። ጣሃ ሁሴን ግብፅን ከፍ ለማድረግ የተጠቀመበት ሚዛን የአውሮፓ ነበር። «እኛም የእናንተ ወገን ነን» አለ። ወገኑን ማን እንደሚያከፋፍል ግን አልጠየቀም። ቢሆንም የቋንቋው ነገር ላይ ፍጹም ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚህ ይመዘናል።

ያልተጠየቀውን የጠየቀው ሰሚር አሚን (1931–2018) ነው። ካይሮ ከግብፃዊ አባትና ከፈረንሳዊት እናት ተወለደ፤ ለአሥርተ ዓመታት ዳካር ኖሮ ሠራ። ሙያው ኢኮኖሚ ነው። በ1988 በፈረንሳይኛ ባወጣው መጽሐፍ «አውሮፓ-ተኮርነት» የሚለውን ቃል የክርክር ርእስ አደረገው። ከግሪክ ወደ ሮም፣ ከሮም ወደ ክርስቲያን አውሮፓ፣ ከዚያ ወደ ካፒታሊዝም የሚወስደው ቀጥ ያለ መስመር በአዲሱ ዘመን የተሰመረ ነው ይላል። የጥንቷ ግሪክ ፊቷ ወደ ግብፅ፣ ወደ ፊንቄና ወደ ፋርስ ነበር። የዛሬዋ ምዕራብ አውሮፓ ለእሷ ዳር አገር ናት። ስለዚህ አውሮፓ ግሪክን አልወረሰችም፣ ወደ ራሷ ቀላቀለቻት እንጂ። ለአሚን የድሮው ዓለም ትልቅ የሐሳብ ማዕከል እስክንድርያ ናት። የአፍላጦንን ሐሳብ ያስፋፋው ፈላስፋ ፕሎቲኖስ የተወለደው ግብፅ ነው። የባግዳድ ሰዎች የእሱን ሐሳብ ሲያነቡ «የአርስቶትል ሥነ መለኮት» በሚል ስም ነበር፤ ግሪክና ዓረብኛ ምን ያህል እንደተቀላቀሉ ይህ ስህተት ራሱ ይመሰክራል። አሚን ሃይማኖትን ይዘው «እኛ ፈጽሞ የተለየን ነን» የሚሉትንም አልማረም። ያም የተገለበጠ አውሮፓ-ተኮርነት ነው አለ።

ኢየሩሳሌም የተወለደው ኤድዋርድ ሰይድ (1935–2003) በ1978 ባሳተመው «ኦሪየንታሊዝም» ዓለም ያውቀዋል። የመጽሐፉ ሙግት ምሥራቅ የሚለውን ሥዕል የሠራው የአውሮፓ እውቀትና ሥልጣን በአንድ ላይ ነው የሚል ነው። ለዚህ እስከ አቴንስ ወደ ኋላ ይሄዳል። የግሪኩ ተውኔት ጸሐፊ ኤስኪሎስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ472 ያቀረበው «ፋርሳውያን» የተሰኘው ተውኔት ውስጥ የተሸነፈው እስያ በግሪክ አፍ ነው የሚያለቅሰው።

እዚህ ላይ ደማስቆ የተወለደው ሳዲቅ ጀላል አል-ዓዝም በ1981 ጥያቄ አነሳ። ጥያቄው እስከ ዛሬ ይሞግተኛል። ኦሪየንታሊዝም የቅኝ ግዛት ዘመን ውጤት ከሆነ፣ ከሆሜርና ከኤስኪሎስ ጀምሮ እንዴት ሊኖር ይችላል? አንድ መስመር ከግሪክ እስከ ዛሬ ከተዘረጋ፣ «የአውሮፓ አእምሮ» የማይለወጥ ጠባይ አለው ማለታችን ነው። ይህ ደግሞ ሰይድ ራሱ የሚቃወመው አስተሳሰብ ነው። ከዚያም በላይ፣ ያንን ቀጥ ያለ መስመር የፈጠሩት የአውሮፓ ታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው። የሰይድን መጽሐፍ ሳልቀንስ፣ በዚህ ነጥብ አል-ዓዝም ያሸነፈ ይመስለኛል።

በማግሬብ፣ ማለትም በሰሜን አፍሪካ ምዕራባዊ ክፍል፣ ክርክሩ ወደ ራስ ዞረ። ሞሮኳዊው መሐመድ ዓቢድ አል-ጃቢሪ ከ1984 ጀምሮ የዓረብን አእምሮ የሚመረምሩ ጥራዞች አወጣ። ስለ አስተሳሰብ ራሱ ያሰቡት ግሪኮች፣ ዓረቦችና የአዲሱ ዘመን አውሮፓውያን ብቻ ናቸው ይላል። ሶርያዊው ጆርጅ ጠራቢሺ ይህን አልተዋጠለትም። ግብፅስ? ባቢሎንስ? ህንድስ? አውሮፓ-ተኮርነት በዓረብ ብዕር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። የጃቢሪን ምንጮች አንድ በአንድ እየፈተሸ ብዙ ዓመት ደከመበት። ግብፃዊው ሐሰን ሐናፊ ደግሞ በ1991 ምዕራብን የሚያጠና የራሳችን ሳይንስ ይኑረን አለ።

በ1987 እንግሊዛዊው ምሁር ማርቲን በርናል «ጥቁር አቴና» በተባለው ሥራው የግሪክ ሥልጣኔ ከግብፅና ከፊንቄ ብዙ መውሰዱን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት በዘረኝነት ደብቀውታል ሲል፣ ካይሮ ላይ ጆሮ አገኘ። በ1997 በዓረብኛ ወጣ። ሥራውን የመራው የካይሮ ዩኒቨርሲቲው የግሪክና የላቲን መምህር አሕመድ ዒትማን (1945–2013) ነበር። የበርናል የቋንቋ ማስረጃ በብዙ ሊቃውንት ተተችቷል። ዒትማን ግን መጽሐፉን ለማወቅ ትችቱን መጠበቅ አላስፈለገውም፤ ግሪክኛውን ራሱ ያነባል። ቡስታኒ «ኢሊያድን» ባሳተመ በ100ኛው ዓመት፣ በ2004፣ ዒትማንና ባልደረቦቹ ሙሉውን ድርሰት እንደገና በቀጥታ ከግሪክ ወደ ዓረብኛ መለሱት።