ካምፕ መግባት አሜሪካ መግባት አልነበረም

ኮሚኒስቶች ጦርነቱን ካሸነፉ በኋላ አገራቸውን ጥለው የወጡት የቬትናም ስደተኞች ነገር ሲነሳ «እነሱማ ዕድለኞች ናቸው፤ በጀልባ ወጡ፣ አሜሪካ ወሰደቻቸው» የሚል አይጠፋም። እስቲ አንድ በአንድ እንየው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ካምፕ የደረሰ ሁሉ ሦስተኛ አገር (እንደ አሜሪካ ያለ ቋሚ መኖሪያ የሚሰጥ አገር) ገባ።»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን እውነትነት ነበረው። በ1979 አጋማሽ ማሌዥያ ውስጥ ፑላው ቢዶንግ በምትባል ሚጢጢ ደሴት ላይ ብቻ ወደ 40,000 ሰው ታጭቆ ነበር። የአካባቢው አገሮች ጀልባዎቹን ወደ ባሕር መመለስ ጀመሩ። በዚያው ሐምሌ ጄኔቫ ላይ ስምምነት ተደረገ። አሜሪካና ሌሎች ተቀባይ አገሮች ለአካባቢው አገሮች «እናንተ ለጊዜው አስጠጉ፣ እኛ እንወስዳቸዋለን» አሉ ነው ነገሩ።

አሥር ዓመት ቆይቶ ተቀባዮቹ ሰለቻቸው። አንድ ቀን ተቆረጠ፦ መጋቢት 14 ቀን 1989። ሆንግ ኮንግ ደግሞ ቀደም ብላ ሰኔ 16 ቀን 1988 ላይ ቆርጣለች። ከቀኑ በፊት የደረሰ ተራውን ይጠብቃል። ከቀኑ በኋላ የደረሰ ግን ስደተኛ መሆኑን በቃለ መጠይቅ ማሳመን አለበት። ሪጀክት ከሆነ ወደ ቬትናም ይመለሳል። ማዕበሉ ያዘገያት ጀልባ ዕጣዋ ሌላ ሆነ ማለት ነው። ፕሮሰስ የጠበቀ ሰው ይሄ ይገባዋል። ከ100,000 በላይ ሰዎች ተመልሰዋል፤ ከሆንግ ኮንግ በግድ አውሮፕላን ላይ የተጫኑም ነበሩ።

«ሁሉም ከአሜሪካ ጋር የሠሩ ናቸው።»

በ1975 የአሜሪካ ወዳጅ የነበረችው የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን ስትወድቅ ለወጡት ብዙዎች ልክ ነው። በ1978 እና 79 ከወጡት ግን ብዙዎቹ ቻይናዊ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። መንግሥት የግል ንግድን ዘጋ፣ ከቻይና ጋርም ተጣላ፣ ኑሯቸው ተናጋ።

«ሁሉም በጀልባ ወጣ።»

አይደለም። ከ1979 ጀምሮ በተደረገ ስምምነት ከ600,000 በላይ ሰዎች በሕጋዊ መንገድ ከአገራቸው በቀጥታ ወጥተዋል። ከአሜሪካ ወታደሮች የተወለዱ ልጆችና የቀድሞ የፖለቲካ እስረኞች በዚህ መንገድ ሄደዋል።

«የወሰደቻቸው አሜሪካ ብቻ ናት።»

ብዙውን አዎ። ግን ካናዳ፣ አውስትራሊያና ፈረንሳይም አሉ። እስራኤል እንኳን በ1977 የራሷ መርከብ ከባሕር ያወጣቻቸውን 66 ሰዎች ተቀብላለች።

«እኛን ምን አገባን?»

አሜሪካ በ1980 የስደተኞች ሕግ ስታወጣ ከገፋፏት ነገሮች ዋነኛው የእነዚህ ሰዎች ጎርፍ ነበር። በዚያ አሥር ዓመት ከሱዳን ካምፖች ተነስተው አሜሪካ የገቡ ሐበሾች የሄዱት በዚሁ ሕግ ነው።