ጃይሮስኮፕ የመሬት ስበትን አያሸንፍም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከ4 ኪሎ የፊዚክስ ተማሪዎችም ሆነ ከ5 ኪሎ የምህንድስና ልጆች ጋር ስለ ጃይሮስኮፕ፣ ማለትም በዘንጉ ላይ በፍጥነት ስለሚሽከረከር ጎማ፣ ሲወራ «ስበትን ያሸንፋል» የሚለው የተሳሳተ ሐሳብ ከነዘመዶቹ ተመልሶ ይመጣል። ሲሙሌሽን (እንቅስቃሴውን በኮምፒዩተር አስመስሎ ማስላት) ለሚሠራ ሰው ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው።

የብስክሌት ጎማ ውሰዱ። ዘንጉን በአንድ ጫፍ ብቻ በገመድ ስቀሉና ጎማውን አሽከርክሩት። ዘንጉ አግድም እንደሆነ በገመዱ ዙሪያ ቀስ ብሎ ይዞራል። ይህ ፕሪሴሽን ይባላል።

«ጎማው ክብደቱን አጥቷል።» በፍጹም። 2 ኪሎ ከሆነ ገመዱ የሚሸከመው ያንኑ 2 ኪሎ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኤሪክ ሌይዝዌይት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1974 ለንደን፣ ሮያል ኢንስቲትዩሽን መድረክ ላይ የኒውተን ሕጎች ለጃይሮስኮፕ አይበቁም የሚል ሐሳብ አንስቶ ነበር። ይበቃሉ። የጎማው አንጉላር ሞመንተም (የሽክርክሪቱ መጠንና አቅጣጫ መለኪያ) በዘንጉ አቅጣጫ ነው። የስበት ቶርክም (የማዞር ኃይሉ) አግድም ነው፤ ግን ከዘንጉ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ስለዚህ የሞመንተሙን መጠን ሳይሆን አቅጣጫውን ይቀይራል።

«ፈጥኖ ከተሽከረከረ ፕሪሴሽኑም ይፈጥናል።» ተቃራኒው ነው። የ2 ኪሎው ክብደት በሙሉ 30 ሴ.ሜ ራዲየስ ባለው ጠርዝ ላይ ነው እንበል፤ ጎማው ከገመዱ 15 ሴ.ሜ ይርቃል። በሰከንድ 5 ጊዜ ሲሽከረከር አንድ የፕሪሴሽን ዙር 12 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ወደ 2.5 ሲወርድ ግን 6 ሰከንድ ይበቃዋል።

«ሲለቀቅ ምንም አይወርድም።» ይወርዳል! እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል፤ ኑቴሽን ይሉታል። ወደ ጎን የሚሄድበትን ኢነርጂ የሚያገኘው ከዚያችው ዝቅታ ነው። ሰበቃ ቶሎ ስለሚያጠፋው ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

«ስልካችን ውስጥ ባለው ጃይሮስኮፕም የሚሽከረከር ጎማ አለ።» የለም። የሚርገበገብ ደቃቅ የሲሊከን ቅንጣት ነው ያለው።

አሁን ወደ ኮዱ እንምጣ። «ፕሪሴሽኑን ራሳችን መጻፍ አለብን» የሚል ካለ ይተወው። የስበት ቶርኩን ለኦይለር የሽክርክሪት እኩልታዎች (ቶርክ ሽክርክሪትን እንዴት እንደሚቀይር ለሚያሰሉት) ስጡ፤ ፕሪሴሽኑም ኑቴሽኑም በራሳቸው ይመጣሉ። ካልመጡ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማዕዘን ፍጥነትና የአንጉላር ሞመንተም ክሮስ ፕሮዳክት (የሁለት ቬክተሮች ብዜት፣ ውጤቱ ለሁለቱም ቀጤ ነክ የሆነ ቬክተር) ነው።

«በሰከንድ 60 የስሌት እርምጃ ይበቃል።» በሰከንድ 50 ጊዜ የሚሽከረከር ጎማ በአንዷ እርምጃ ብቻ 300 ዲግሪ ይዞራል። እርምጃውን በጣም አሳጥሩ። እርምጃ በእርምጃ የሚያሰላው ቀላሉ የኦይለር ዘዴ ደግሞ ከየትም ያልመጣ ኢነርጂ እየጨመረ ጎማውን ያሳብደዋል፤ በየእርምጃው አራት ጊዜ የሚያሰላው አራተኛ ደረጃ ሩንጌ-ኩታ ይሻላል።

«የጎማውን አቋም ለመግለጽ ሦስት ማዕዘኖች በቂ ናቸው።» በአንዳንድ አቋም ላይ ሁለቱ ማዕዘኖች አንድ ይሆኑና ስሌቱ በዜሮ ማካፈል ውስጥ ይገባል። ኳተርኒየን (አቋምን በአራት ቁጥሮች የሚገልጽ) ተጠቀሙ፣ ርዝመቱንም በየእርምጃው ወደ 1 መልሱ።

ከዚያ ስበቱን አጥፉና አስኪዱት። ኢነርጂውና አንጉላር ሞመንተሙ ንቅንቅ ካላሉ ስበቱን መልሱ፤ በሰከንድ 5 ጊዜ የሚሽከረከረው የጎማችን አንድ የፕሪሴሽን ዙር 12 ሰከንድ አካባቢ መውጣት አለበት።