ለቅርስ እንክብካቤ ሙያና ለማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ ምንድን ነው?

ለቅርስ የሚሰጥ ገንዘብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የተሰነጠቀ ግድግዳ ለመጠገን ወይም ሙዚየም ለመሥራት ብቻ የሚሰጥ አለ። እዚህ የምንመለከተው ግን በዋናነት በሰው ላይ የሚውለውን ነው። ይህ ድጋፍ የሚሰጠው ቅርሱ ባለበት አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ስለ ጥገናው በሚወሰነው ነገር ድምፅ እንዲኖራቸው፣ ለጥገናው የሚያስፈልገው ሙያም ከአረጋውያን ባለሙያዎች ወደ ወጣቶች እንዲሸጋገር ነው። ገንዘቡ አይመለስም፣ ወለድም የለውም፤ ሆኖም በውል የታሰረ በመሆኑ በደረሰኝና በሪፖርት ይጠየቁበታል።

የዚህ ድጋፍ ጥቅም በጎጃም ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ላይ በግልጽ ይታያል። በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስን ግድግዳ የሞሉት ሥዕሎች በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። ጣሪያው አፍስሶ የግድግዳው ጭቃ እርጥበት ከጠጣ ጨርቁ ከነሥዕሉ መላቀቁ አይቀርም። እንዲህ ላለው ሥዕል ከውጭ የሚመጣ የሥዕል ጥገና ባለሙያ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ክዳኑንና ጭቃውን በየዓመቱ የሚከታተል የአካባቢ ሰው ከሌለ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ጭቃውም ራሱን የቻለ ዕውቀት አለው፤ የጤፍ ጭድ ተጨምሮበት፣ በእግር ተረግጦ፣ ለቀናት እየተገላበጠ ካልተብላላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በኖራ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳም በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቀራልና ድንጋዩን ይበላዋል። ስለዚህ ኖራ አቃጥሎና አብርዶ የሚያዘጋጅ፣ ጭቃ የሚያቦካና የሚመርግ፣ ሣር የሚከድን፣ ብራና የሚፍቅና የሚጠርዝ ሰው ከግድግዳው እኩል ሊጠበቅ ይገባዋል።

ከድጋፉ የሚሸፈነው ወጪ ለአሠልጣኙ የሚከፈለው፣ የሠልጣኙ የዕለት መተዳደሪያ፣ የመሣሪያና የጥሬ ዕቃ ግዥ፣ የምክክር ስብሰባ፣ እንዲሁም የአረጋውያኑን ዕውቀት በድምፅና በምስል መቅረጽ ነው። ከእነዚህ ሁሉ አጥብቄ የምከራከርለት የሠልጣኙ መተዳደሪያ ነው። በሆቴል አዳራሽ የሦስት ቀን ዐውደ ጥናት ተደርጎ፣ አበል ተከፍሎና የምስክር ወረቀት ታድሎ የሚያበቃ ሥልጠና ኖራ የሚያበርድ እጅ አያፈራም። ጎጃም ስለ ሙያ ማስተላለፍ ከሌላ መማር የማያስፈልገው አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ዘንድ ዓመታት ተቀምጦ፣ እየተቀኘና እየታረመ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ጣሪያ ከዳኙም ከባለሙያው ጋር ጣሪያው ላይ ወጥቶ ነው የሚማረው። በጀቱ መያዝ ያለበትም ቢያንስ አንድ ሙሉ የበጋ ወራት የሚያሠራ ክፍያ ነው።

የማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚባለው ደግሞ ሰውን ሰብስቦ የተወሰነውን ማሳወቅ አይደለም። በገጠሩ ጎጃም ብዙ ጊዜ የሚነሳውን የቆርቆሮና የሣር ክዳን ጉዳይ እንውሰድ። ባለሙያው ሣሩ ይመለስ ይላል፤ ምእመናኑ ግን ቆርቆሮውን የገዙት ከጎተራቸው ቀንሰው፣ ለታቦቱ ክብር ብለው ነው። ሣር ቶሎ ቶሎ ይታደሳል፤ የግጦሽ መሬቱ እየታረሰ በሄደበት ቀበሌ ደግሞ የሚታጨድ ሣር ማግኘት ራሱ ከባድ ነው። ይህን ሳይሰማ የተጻፈ የፕሮጀክት ሐሳብ ገንዘብ ቢያገኝም ሥራው በሰበካ ጉባኤው ደጃፍ ይቆማል። ሣር የሚበቅልበት ቦታ ተከልሎ፣ አጨዳው በደቦ እንዲሆን አብረው ከወሰኑ ግን ክዳኑ ባለቤት ያገኛል። ጭዱንና ውኃውን ተሸክመው፣ ቤቱን በመለቅለቅ ሙያው በእጃቸው ያለ ሴቶችም በምክክሩ መካተት አለባቸው፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ።

ብዙ ገንዘብ ሰጪዎች አመልካቹም የራሱን ድርሻ እንዲያዋጣ ይፈልጋሉ። የደቦው ጉልበት፣ የተሰጠው እንጨትና ድንጋይ በገንዘብ ተተምኖ እንደ መዋጮ የሚያዝበት አሠራር አለና፣ ማን ስንት ቀን እንደሠራ በመዝገብ መያዝ ይጠቅማል።

በብሪታንያ ከሎተሪ ሽያጭ በሚገኝ ገቢ ለቅርስ ድጋፍ የሚሰጠው ተቋም ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሠራ ነው፤ እርሱ ግን ለአገሩ ቅርስ ነው። ለእኛ የሚቀርበው ብሪቲሽ ካውንስል በ2016 እ.ኤ.አ. የጀመረው የባህል ጥበቃ ፈንድ ሲሆን፣ ሥልጠናን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ኢትዮጵያን ከሚሠራባቸው የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ውስጥ አካትቷል። በግጭት አደጋ ላይ ለወደቁ ቅርሶች ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የተቋቋመው፣ አሊፍ የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ፈንድ አለ። የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ፈንድ በመንግሥት በኩል የሚጠየቅና በዋናነት ለተመዘገቡ ሥፍራዎች የሚውል በመሆኑ፣ በመዝገቡ የገባ ሥፍራ ለሌለው ጎጃም እምብዛም አይደርስም።

ገንዘቡ ቢገኝም ሥራው ያለ ፈቃድ አይጀመርም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንኛውም የቅርስ ጥገና አስቀድሞ በቅርስ ባለሥልጣኑ መፈቀድ አለበት። ስለዚህ አንድ ደብር ለገንዘብ ሰጪው ከመጻፉ በፊት ከሀገረ ስብከቱና ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጋር ቢነጋገር መንገዱ ይቀልለታል።

የመጨረሻው ብርቱ ጉዳይ የጊዜ ሰሌዳው ነው። ውሉ በሰኔ ተፈርሞ ገንዘቡ በክረምት ቢለቀቅ ጭቃ አይመረግም፣ ጣሪያ አይከፈትም፤ ሣሩም የሚታጨደው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው የሥራ ወቅትም ቢሆን አዝመራው ሰዉን ይይዘዋል፤ በየወሩ የሚከበሩት በዓላትም ሥራ አይሠራባቸውም። ይህን ሁሉ ቆጥሮ በማመልከቻው ላይ ማስፈርና ሁለት በጋ የሚፈጅ ሥራ ሁለት በጋ ይፈጃል ብሎ መጻፍ፣ በኋላ የውል ማራዘሚያ ከመለመን ያድናል።