ቦታ ሲቀየር ኢንተርኔት እምቢ የሚለው ላፕቶፕ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ቢሮ ውሎ ቅዳሜና እሁድ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ቤተሰብ ጋ የሚወርድ ሰው አንዱን ላፕቶፕ በቢሮ ዋይፋይ፣ በቤት ራውተርና በስልኩ ሆትስፖት ይጠቀማል። አንዱ ጋ ሠርቶ ሌላው ጋ እምቢ ሲለው ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል። ማሽኑ ፎርማት ተደርጎ ይመለሳል፤ ኮፒ ያልተያዘለት ሰነድና ፎቶም አብሮ ይሄዳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአንድ ሴቲንግ ነውና።

«ቢሮ ይሠራል፣ ቤት አይሠራም፤ ስለዚህ የዋይፋይ ካርዱ ተበላሽቷል»

ቢሮ የሚሠራ ካርድ ቤት ሲደርስ አይበላሽም። መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በእጅ የተሞላ አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላፕቶፑን የሚለይበት ቁጥር) ነው። አንዳንድ ቢሮዎች ለእያንዳንዱ ማሽን ቋሚ ቁጥር ይሰጣሉ። ባለሙያው ቁጥሩን በድሮው ኮንትሮል ፓነል በኩል ከሞላው፣ የሚቀመጠው ለቢሮው ኔትወርክ ብቻ ሳይሆን በካርዱ ላይ ነው፤ በሄዱበት ሁሉ ይከተላል። ለምሳሌ ቢሮው 192.168.10.45 ሰጥቶት የቤቱ ራውተር እንደ 192.168.1.20 ያለ ቁጥር የሚያድል ከሆነ ሁለቱ አይግባቡም። ዋይፋዩ «ኮኔክትድ» ይላል፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ አንድም ገጽ ግን አይከፈትም።

መፍትሔው ካርዱን እዚያው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ወደ «አውቶማቲክ» መመለስና የቢሮውን ቁጥር ለቢሮው ዋይፋይ ብቻ መስጠት ነው። በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ፣ ማኔጅ ኖውን ኔትወርክስ ብለው የቢሮውን ስም ይጫኑ። «አይፒ አሳይንመንት» ላይ «ኤዲት» ብለው ማኑዋል ያድርጉና ቁጥሮቹን እዚያ ይሙሉ። ከዚያ በኋላ ቤትም ሆትስፖትም የየራሳቸውን አድራሻ ይሰጣሉ። ቢሮው ፕሮክሲ (ኢንተርኔቱ የሚያልፍበት መካከለኛ ኮምፒውተር) የሚጠቀም ከሆነ ግን እሱን ቤት ሲደርሱ በእጅ ማጥፋት ያስፈልጋል።

አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፦ ላፕቶፑ አድራሻ እንዲሰጠው ጠይቆ ራውተሩ አልመለሰለትም። ያኔ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ይቅደም።

«ላፕቶፑ ራሱ ጠንካራውን ዋይፋይ እየመረጠ ይቀያይራል»

አይቀያይርም ማለት ይቻላል። አንዴ የያዘውን፣ ሲግናሉ ቢደክምም፣ እስኪቋረጥ ድረስ አይለቅም። ስለዚህ የማይፈልጉት የካፌ ወይም የጎረቤት ዋይፋይ ላይ «ኮኔክት አውቶማቲካሊ» የሚለውን ምልክት ያንሱ። ራውተሩ ሁለት ስም የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ የ5 ጊጋኸርዙ በቅርብ ይፈጥናል፤ የመንዝን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አልፎ የሚደርሰው ግን የ2.4ቱ ነው።

«ፓስወርዱን አስቀምጫለሁ፣ በቃ»

የራውተሩ ፓስወርድ ከተቀየረ የተቀመጠው አሮጌው ነው። «ፎርጌት» ብሎ እንደ አዲስ መግባት ይበቃል።

«ሆትስፖትም ያው ዋይፋይ ነው»

ለላፕቶፑ ያው ነው፤ ጣጣውም ከዚህ ይመጣል። የስልክ ዳታ መሆኑን ካልነገሩት ገደብ የሌለው መስመር ያገኘ መስሎት የዊንዶውስ አፕዴት ያወርዳል፣ ፎቶዎችን ወደ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) ይጭናል። ለሳምንት የተገዛ ፓኬጅ በአንድ ማታ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ሆትስፖቱን ከያዙ በኋላ በዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የሚቆጠር መስመር) የሚለውን ያብሩት። ይህ ለዚያ ሆትስፖት ብቻ ይሠራል፤ የቢሮውን ዋይፋይ አይነካም፤ ትልልቆቹ አፕዴቶችም ሰኞ ቢሮ ሲገቡ ይወርዳሉ።