የአእምሮ ጤና ቀውስን ከዲጂታል የመልእክት ልውውጥ መለየት

ሰው ሲከፋው ስልኩን የሚጠቀምበት መንገድም ይለወጣል። ቀን ይጽፍ የነበረው ሌሊት ይጽፋል፤ ቶሎ ይመልስ የነበረው ዝም ይላል፤ ከብዙ ሰው ጋር ያወራ የነበረው በአንድ ሁለት ሰው ይወሰናል። እንዲህ ያለውን ለውጥ በኮምፒውተር ተከታትሎ ከባድ ድብርትን ወይም ራስን የማጥፋት ስጋትን አስቀድሞ ለመለየት የሚሞክር የምርምር ዘርፍ አለ።

መነሻው ቃላት ናቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጀምስ ፔኔቤከር የተሳተፈበት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናት፣ ድብርት ያለባቸው ተማሪዎች ሲጽፉ «እኔ»ን ከሌሎቹ አብዝተው እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት «ሁልጊዜ» እና «ምንም» የመሳሰሉ ቁርጥ ያሉ ቃላት ራስን ስለማጥፋት በሚያስቡ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ በርክተው አግኝቷል። ይህ ሁሉ የእንግሊዝኛ ነገር ነው። በአማርኛ «ደከመኝ» ያለ ሰው ራሱን በ«ኝ» ጠቅሷል፤ «እኔ»ን የሚቆጥር ፕሮግራም ግን አያየውም።

በዚያው በ2018፣ ፈቃደኛ የሆኑ 683 ታካሚዎች የፌስቡክ ጽሑፍ ከሕክምና መዝገባቸው ጋር ተነጻጽሮ፣ ድብርቱ ከመመዝገቡ እስከ 3 ወር ቀደም ብሎ ምልክቱ ሊታይ እንደሚችል ተደርሶበታል።

ትልቁ ችግር የሒሳብ ነው። ከ100,000 ሰዎች 100ዎቹ አደጋ ላይ ናቸው እንበል። ከ10 ጊዜ 9ኙን የማይስት መሣሪያ 90ዎቹን ያገኛል፤ ከቀሩት 99,900 ደህና ሰዎች ግን 9,990ውን በስሕተት ይጠቁማል። ስለዚህ መሣሪያው ማንንም «ታመሃል» ለማለት አይበቃም፤ ቢበዛ ቀርቦ «እንዴት ነህ?» ለማለት ምክንያት ይሆናል። (ራስን ስለማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ላይ እንደማይተክል ጥናቶች አሳይተዋል።)

ሁለተኛው ችግር ፈቃድ ነው። ሳማሪታንስ የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት በጥቅምት 2014 ራዳር የሚባል መተግበሪያ አወጣ። መተግበሪያው ተመዝጋቢው በትዊተር የሚከተላቸው ሰዎች አሳሳቢ ነገር ሲጽፉ ያስታውቀው ነበር፤ የሚታዩት ሰዎች ግን አልተጠየቁም። ጥቆማው ክፉ አሳቢ እጅም ሊገባ ይችላል የሚል ተቃውሞ በርትቶ በ10 ቀን ውስጥ ቆመ። ፌስቡክም በ2017 ራስን የማጥፋት ስጋትን የሚለይ የራሱን ሥርዓት ሲያስፋፋ የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ ጥብቅ የሆነውን የአውሮፓ ኅብረትን ሳይጨምር ነበር።

ብዙም የማያከራክረው አጠቃቀም እርዳታ ፈልጎ የመጣን ሰው መልእክት አይቶ ወረፋውን ማስተካከል ነው። በ2013 በአሜሪካ የተጀመረው፣ በስልክ የጽሑፍ መልእክት እርዳታ የሚሰጠው ክራይሲስ ቴክስት ላይን የተባለ ድርጅት አስቸኳይ የሚመስለውን መልእክት በዚህ መንገድ ያስቀድማል፤ መልስ የሚሰጠው ግን የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ ነው። ድርጅቱም ቢሆን የሰዎቹ ስም የተሰረዘበትን የውይይት መረጃ ለንግድ ድርጅት ማካፈሉ በ2022 ሲታወቅ ብርቱ ወቀሳ ደርሶበት ማካፈሉን አቁሟል።