መነጽሩን አታውልቁባት!

«ዓይኗ መነጽር ከለመደ ይሰንፋል። ስታድግ ይተዋታል።» የዓይን ምርመራ ክፍል ውስጥ ስሠራ ይህን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ሰልችቶኛል። ከመሰልቸትም አልፎ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ዋጋውን የሚከፍሉት ልጆች ናቸው።

ስለ ዓይን ከሚወሩት የተሳሳቱ ወሬዎች ትንንሾቹን ቶሎ ልለፋቸው። በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ዓይን ያደክማል እንጂ አያሳውርም። ካሮት ቫይታሚን ኤ ላነሰው ሰው ይጠቅማል፣ መነጽር ግን አያስጥልም። ቀለም መለየት የሚያስቸግራቸው ሰዎችም አብዛኞቹ ዓለምን በጥቁርና ነጭ አያዩም፤ የሚምታታባቸው ቀይና አረንጓዴ ነው።

ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ሰው ዓይንን እንደ ካሜራ ስለሚያስበው «ዓይኗ ደህና ከሆነ ታያለች» ይላል። ዓይን ግን ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ለውጦ ይልካል እንጂ ብቻውን አያይም፤ መልእክቱ አንድ ሚሊዮን ገደማ ክሮች ባሉት ነርቭ ተጉዞ ከጭንቅላታችን በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ሲደርስ ነው «አየሁ» የምንለው። ነርቩ ከዓይን የሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ ጨርሶ የለም። ግን ክፍተቱ አይታየንም፣ አንጎል ከዙሪያው እየወሰደ ይሞላዋል።

ይህን ሥራ አንጎል የሚማረው በልጅነት ነው። አንዱ ዓይን ብዥ ያለ ምስል ከላከለት፣ ወይም ልጁ ሸውራራ ከሆነና ሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ነገር ካሳዩት፣ ጥሩውን ይይዝና ሌላውን ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል። ሰነፍ ዓይን የምንለው ይሄ ነው። ሁበልና ዊዝል የተባሉ የአንጎል ተመራማሪዎች የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ቆቡን ሰፍተው ዘግተው አቆዩት። ሲከፈት ዓይኑ ጤነኛ ነበር፤ አንጎሉ ግን ከዚያ ዓይን የሚመጣውን መቀበል ትቷል። በ1981 እ.ኤ.አ. ኖቤል ከተሸለሙባቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

አንዲት የ11 ዓመት ልጅ መጣችልኝ። በ4 ዓመቷ መነጽር ታዞላት ነበር፣ ጎረቤት «ዓይኗን ታሰንፉታላችሁ» ብሎ አስወለቃት። ደህናውን ዓይኗን ስሸፍነው ከሰሌዳው ላይ ትልቁን ፊደል ብቻ አነበበች። እናቷ ደንግጠው «ዓይኗ እኮ ምንም አልሆነም!» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ዓይኗ ምንም አልሆነም። ሕክምናውን ጀምረናል፤ ግን ከ7 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለን።

ስለዚህ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት አስመርምሩ። ቤት ውስጥም አንድ ዓይናቸውን በመዳፋችሁ ሸፍኑ፣ ከዚያ ሌላውን። አንዱ ሲሸፈን ዝም ብሎ ሌላው ሲሸፈን እጃችሁን የሚገፋ ልጅ ካለ ነገ ዛሬ አትበሉ። ሐኪሙ ደህናው ዓይን በቀን ለጥቂት ሰዓት ይሸፈን ካለም ሸፍኑት። ታለቅሳለች፣ አውቃለሁ። ያኔ ሥዕል እያስቀለማችሁ፣ ተረት እያወራችሁ አቆዩላት።